የስኪ ዱላ ርዝመት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ረጅም ሰሌዳ፣ የሚከራይ ወይም የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋው ጫማ ላይ ነው። አልፈርድበትም፤ የሚቆነጥጥ ጫማ ቀኑን ሙሉ ያበላሻል። ዱላው ግን «ይሄ ይበቃኛል» ተብሎ በሁለት ሴኮንድ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ትከሻው ሲዝል፣ ሰውነቱም ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲለው፣ ሰውየው ጥፋቱን ጉልበቱ ላይ ያላክካል። እዚህ የሰበሰብኳቸው ስለ ዱላ ርዝመት ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ፖል ማለት የሚቀናችሁ ፖል በሉት። ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር የማወራው በሊፍት (ተራራ ላይ በሚያወጣ የገመድ ማጓጓዣ) ተወጥቶ በተዳፋት ስለሚወረድበት ስለ አልፓይን ስኪ ነው።

ልኬን በአንድ ደቂቃ እንዴት ልወቅ?

የስኪ ጫማችሁን አድርጉና ጠንካራ ወለል ላይ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ዱላውን ገልብጡት። እጀታው ወለሉን ይንካ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። አሁን ልክ ከባስኬቷ ሥር ጨብጡት። ባስኬት የሚሏት ከሹሉ ትንሽ ራቅ ብላ ያለችውን ክብ ፕላስቲክ ነው፤ ዱላው በረዶ ውስጥ ሰጥሞ እንዳይቀር የምታግደው እሷ ናት። ትከሻችሁን ዘና አድርጉ፣ ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አስጠጉ።

ከክርን እስከ እጅ ያለው ክንዳችሁ ከወለሉ ጋር ትይዩ ከሆነና ክርናችሁ 90 ዲግሪ ከታጠፈ፣ ያ ዱላ ልካችሁ ነው። እጃችሁ ከክርናችሁ ከፍ ካለ ዱላው ረዝሟል። ዝቅ ካለ አጥሯል። በቃ፣ ይኸው ነው። ክንድ ድሮም መለኪያ ነበር፤ እዚህም ከሠንጠረዥ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ብቻችሁን ከሆናችሁ መስታወት ፊት በጎን ቁሙ። ሰው ወደ ታች አይቶ የራሱን ክርን ሲገምት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ።

ለምን ተገልብጦ ይለካል? ቀጥ አድርጌ ብይዘው ምን ችግር አለው?

ዱላው ሥራ ላይ ሲሆን ከባስኬቷ በታች ያለው ክፍል በረዶ ውስጥ ይገባል። ለእናንተ የሚተርፋችሁ ከባስኬቷ እስከ እጀታው ያለው ነው። ወለል ላይ ግን ሹሉ አይሰምጥም። ስለዚህ ቀጥ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ዱላው ከእውነተኛው ጥቂት ሴንቲሜትር ረዝሞ ይታያችኋል፤ እናንተም ሳታውቁት አንድ ልክ አጭር ታነሳላችሁ። ሲገለበጥ እጃችሁ ያንን የሚሰምጠውን ክፍል ከሒሳቡ ያስወጣዋል።

የምገዛው ኦንላይን ነው። በቁመቴ ማስላት አልችልም?

ትችላላችሁ። ቁመታችሁን በሴንቲሜትር በ0.7 አባዙት። ቁመቱ 160 ሳ.ሜ የሆነ ሰው 112 ያገኛል። 170 የሆነው 119፣ 180 የሆነው 126፣ 190 የሆነው 133። የአልፓይን ዱላ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በ5 ሳ.ሜ ልዩነት ስለሆነ የመጀመሪያው 110፣ ሁለተኛው 120፣ ሦስተኛው 125 ይወስዳሉ ማለት ነው። አራተኛው በ130 እና በ135 መካከል ተንጠልጥሏል፤ ስለ እሱ ዓይነቱ ሰው ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ይህ ሒሳብ ጥሩ መነሻ ነው። ግን መነሻ ብቻ ነው። ዱላውን የሚይዘው ራሳችሁ ሳይሆን እጃችሁ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል 175 ሳ.ሜ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ረጅም አንገት አለው፣ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ክንዱም ረጅም ነው፤ ስለዚህ ክርኑ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሌላው ትከሻው ከፍ ያለ፣ ክንዱ አጠር ያለ ነው። ሠንጠረዡ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣል። ክርናቸው ግን ሁለት የተለያየ ዱላ ይጠይቃል። ሒሳቡና ክርኑ ካልተስማሙ ክርኑን እመኑ።

ቤት ውስጥ ዱላ ከሌላችሁ የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። ጫማችሁን አድርጋችሁ እንጨቱን ወለል ላይ አቁሙት፣ ክርናችሁ 90 ዲግሪ ሲሆን ከያዛችሁት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ከወለሉ እስከ ምልክቱ ለኩ። ከዚያ ለሚሰምጠው ጫፍ ጥቂት ሴንቲሜትር ጨምሩበት። በሒሳብ ካገኛችሁት ጋር አስተያዩት። ከተቀራረቡ ሳትጨነቁ እዘዙ።

በካልሲ ሆኜ ብለካስ?

መልሱ ወደ አጭሩ ያደላል። የስኪ ጫማ ሶል ወፍራም ነው፤ ከመሬት ያነሳችኋል፣ ክርናችሁም አብሮ ይነሳል። ጫማው ከሌለ ቢያንስ ሶሉ ወፈር ያለ ሌላ ጫማ አድርጉ።

በሁለት ልኮች መካከል ወደቅኩ። የትኛውን ልውሰድ?

አጭሩን። በተደለደለ በረዶ ላይ እየተጠማዘዘ ለሚወርድ ሰው 2 ወይም 3 ሳ.ሜ ማጠር ብዙም አይጎዳም። መርዘም ግን ይጎዳል፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

ሁለት ነገሮች ይህን ምክር ይገለብጡታል። አንደኛው፣ የምትውሉበት ቦታ ሜዳ የበዛበት ከሆነና ራሳችሁን በዱላ እየገፋችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ረጅሙ ያግዛችኋል። ሁለተኛው፣ መጋዝ የማይፈራ እጅ ካላችሁ ነው። ረጅም ዱላ ይቆረጣል፣ አጭር ዱላ አይቀጠልም። ለመቁረጥ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ረጅሙን ግዙና በረዶ ላይ ሞክራችሁ አሳጥሩት።

ግን 5 ሳ.ሜ ይሄን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ለመረዳት መጀመሪያ ዱላ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ጀማሪ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ያየዋል። ሊወድቅ ሲል ይደገፍበታል። ዱላው ግን ምርኩዝ አይደለም። ዋና ሥራው ምት መጠበቅ ነው። ወደ አዲስ መታጠፊያ ልትገቡ ስትሉ ዱላውን ከፊታችሁ፣ ከጎን በኩል፣ በረዶውን ነካ ታደርጉታላችሁ። ያቺ ንክኪ ለሰውነታችሁ «አሁን» ትለዋለች። ክብደታችሁ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከአንዱ ስኪ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ የላይኛው ሰውነታችሁም ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ እንዳዞረ ይቆያል። ንክኪዋ የምትመጣው ከእጅ አንጓ ነው፤ ትከሻ ሥራ የለውም።

አሁን ዱላው ረዘመ እንበል። ሹሉ በረዶውን እንዳይመታ እጃችሁን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል። እጅ ሲነሳ ትከሻ ይከተላል። ዱላው በረዶ ላይ ሲተከል ደግሞ እጀታው እጃችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ደረታችሁ ይዞራል፣ ክብደታችሁ ተረከዛችሁ ላይ ያርፋል። ክብደት ተረከዝ ላይ ሲሆን የስኪው አፍንጫ ይቀላል። አፍንጫው የቀለለ ስኪ አይታዘዝም። ሰው «ስኪዬ አልታጠፍ አለኝ» ብሎ የሚያማርርበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴ ጥፋቱ ያለው እግሩ ላይ ሳይሆን እጁ ላይ ነው።

ዱላው ሲያጥር ደግሞ ሰው በረዶውን ለመንካት ከወገቡ ይጎነበሳል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት መታጠፍ ሲገባቸው ወገብ ይታጠፋል። ሜዳ ላይ ሲገፋም ቶሎ ይደክማል፤ ሊፍት ጋ ለመድረስ በቀረችው ትንሽ ሜዳ ላይ ላብ ያጠምቀዋል። ግን በቁልቁለት ላይ አጭር ዱላ ካለበት ሰው ይልቅ ረጅም ዱላ ያለበት የባሰ ሲቸገር አያለሁ። አጭር ዱላ በረዶውን ሳይነካ ቢያልፍ ምትዋ ብቻ ታመልጣለች። ረጅሙ ግን ሰውነትን ከቦታው ያስነሳዋል።

በረዶ ላይ ሆኜ ልኬ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ስኪያችሁን አድርጋችሁ ሜዳ ላይ ቁሙ። ዱላውን ከጫማችሁ አፍንጫ አጠገብ እስከ ባስኬቷ ትከሉት። ክንዳችሁ ትይዩ ወይም እጃችሁ እጅግ በጣም ትንሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ በለዘብተኛ ቁልቁለት ጥቂት ጊዜ ተጠማዘዙ። የእጅ አንጓችሁን ብቻ በማንቀሳቀስ በረዶውን መንካት ከቻላችሁ ጨርሳችኋል። ትከሻችሁን ማንሳት ካስፈለጋችሁ ረዝሟል።

ጀማሪ ነኝ። ዱላ ጭራሽ ያስፈልገኛል?

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ብዙ አስተማሪዎች ዱላውን አስቀምጡ ብለው ነው የሚጀምሩት፤ እጅ ሲያዝ ሐሳብ ከእግር ላይ ይነሳል። መቆምና መታጠፍ ስትችሉ ዱላው ይመጣል። ያን ጊዜም 5 ሳ.ሜ አለፈ ቀረ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። ጀማሪን የሚጎዳው 10 እና 15 ሳ.ሜ ስህተት ነው፤ ከቤተሰብ የተዋሱት ዱላ ላይ ያየሁት ይህንን ነው።

ለልጄ የምገዛው ወደፊትም እንዲያገለግል ትንሽ ረዘም ቢልስ?

ልብስ ላይ ያዋጣል፣ ዱላ ላይ አያዋጣም። በትልቅ ዱላ የተማረ ልጅ እጁን ሰቅሎ፣ ወደ ኋላ ተንጋሎ መንሸራተት ይለምዳል። ዱላው በሚቀጥለው ዓመት ልኩ ይሆናል፣ ልማዱ ግን አብሮት ይቆያል። በጣም ትናንሽ ልጆች ዱላ ሳይዙ ቢማሩ ይሻላል፤ ቆመው፣ ታጥፈው፣ ራሳቸውን ችለው መውረድ ሲጀምሩ ስጧቸው። የክርኑ መለኪያ ለእነሱም ይሠራል። ቶሎ ቶሎ ለሚያድግ ልጅ የሚረዝምና የሚያጥር ዱላ አለ፤ ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ወላጅ ወደዚያ ይሂድ፣ ወይ ይከራይ።

በጉብታ፣ በፓርክ ወይም በጥልቅ በረዶ ላይ ልኩ ይለወጣል?

ጉብታ በበዛበት ተዳፋት ላይ የሚጫወቱ ሰዎች አጠር ያለ ዱላ ይወዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በረዶው ራሱ ተነስቶ ወደ እናንተ ይመጣል። ከመደበኛው 5 ሳ.ሜ መቀነስ የተለመደ ነው። ዝላይና ሐዲድ ባለበት ፓርክ የሚውሉ ደግሞ ከዚያም በላይ ያሳጥሩታል፤ አየር ላይ ሲዞሩ ረጅም ዱላ እንቅፋት ይሆንባቸዋል፣ በዱላ ምት የመጠበቅ ጉዳይም ብዙም አያሳስባቸውም። እዚያ ነገሩ ግማሹ ስታይል ነው።

ለስላሳና ጥልቅ በረዶ ላይ ከርዝመቱ ይልቅ ባስኬቷን ቀይሩ። ለተደለደለ በረዶ የተሠራች ትንሽ ባስኬት እዚያ ዝም ብላ ትሰምጣለች። ሰፊ ባስኬት ግጠሙ። ብዙ ዱላዎች ላይ ባስኬቷ ትወልቃለች፣ ትቀየራለች። «ዱላዬ አጠረ» ብሎ አዲስ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ፤ ያነሰችው ባስኬቷ ነበረች።

ውድድር ሌላ ዓለም ነው። በፍጥነት ውድድሮችና በጃይንት ስላሎም ላይ የምታዩት የተቆለመመ ዱላ የተሠራው ተወዳዳሪው ጎንበስ ሲል ሰውነቱን ተጠግቶ እንዲያልፍና ነፋስ እንዳይዝ ነው። ስላሎም ላይ ግን፣ ማለትም በር በሚባሉ የተተከሉ በትሮች መካከል ቶሎ ቶሎ እየታጠፉ በሚወረድበት ውድድር፣ ዱላው ቀጥ ያለ ነው፤ በሩን ሲመታ እጅ እንዳይጎዳ መከላከያ ይገጠምለታል። ለመዝናናት የሚወርድ ሰው የተቆለመመውን ቢገዛ ከፎቶ በቀር ትርፍ የለውም።

በእግር ወደ ተራራ ለሚወጣ ሰውስ?

እዚህ ጋ የሚረዝም የሚያጥረው ዱላ ዋጋ አለው። ሽቅብና ሜዳ ላይ ከመደበኛው ልካችሁ 5 ወይም 10 ሳ.ሜ አርዝሙት፤ ክንዳችሁ ከእግራችሁ ሸክም ይወስዳል። ቁልቁል ልትወርዱ ስትሉ ወደ መደበኛው መልሱት። ተራራውን አግድም ስታቋርጡ አንዱ እጅ ዳገቱ በኩል፣ ሌላው ገደሉ በኩል ይሆናል። በየደቂቃው ማስተካከል ያሰለቻል። ስለዚህ የዳገቱን በኩል ዱላ ከእጀታው ዝቅ አድርጎ መያዝ ይቀላል፤ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ዱላዎች ከእጀታው ሥር ለዚሁ ተብሎ የተለበጠ ለስላሳ መያዣ አላቸው።

መቆለፊያው ሁለት ዓይነት ነው፦ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅና በክሊፕ የሚዘጋ። እኔ ክሊፑን እመርጣለሁ። ጓንት ሳታወልቁ ይከፈታል፣ መዝጋት አለመዝጋቱም በዓይን ይታያል። ዱላው ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ምልክት አልፋችሁ አትጎትቱት፤ የሚይዘው ነገር ያንሰውና ክብደት ሲያርፍበት ይከዳችኋል።

ክሮስ ካንትሪም በ0.7 ይሰላል?

በፍጹም። ክሮስ ካንትሪ በሊፍት ሳይሆን በራስ ጉልበት እየገፉ ረጅም መንገድ የሚሄዱበት ስኪ ነው፤ እዚያ ዱላው ሞተር ነው። ምት መጠበቂያ ሳይሆን መገፊያ ነው፤ ስለዚህ በጣም ይረዝማል።

ሁለት ስልቶች አሉ። ክላሲክ በሚባለው፣ ስኪዎቹ በተቀደደላቸው ሁለት መስመር ውስጥ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ለዚህ ቁመትን በ0.83 ወይም በ0.85 ማባዛት የተለመደ ነው፤ ዱላው ትከሻ አካባቢ ይደርሳል። ስኬቲንግ በሚባለው፣ ስኪዎቹ እንደ በረዶ ሸርተቴ ጫማ ወደ ጎን ይገፋሉ። ለዚህ 0.9 ገደማ ነው፤ ዱላው ወደ አገጭና ከንፈር ይጠጋል። ቁመቱ 175 የሆነ ሰው በአልፓይን 120 ወይም 125፣ በክላሲክ 145 አካባቢ፣ በስኬቲንግ 157.5 ይይዛል። ልዩነቱን አያችሁት። ክሮስ ካንትሪ ላይ ልኮቹ በ2.5 ሳ.ሜ ልዩነት የሚገኙበት ጊዜም አለ፣ እዚያ እያንዳንዷ ሴንቲሜትር ትቆጠራለችና።

ርዝመት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የክላሲክ ተወዳዳሪዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ በእግር መግፋቱን እየተዉ በሁለቱም ዱላ በአንድ ጊዜ ብቻ እየገፉ መሄድ ጀመሩ። ለዚህ ደግሞ ረጅም ዱላ ያዋጣል። ስዊድን ውስጥ ከሴለን እስከ ሙራ 90 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነውን ቫሳሎፔት የሚመሩት ሰዎች ዛሬ መንገዱን ሙሉ በክንድ ይጨርሱታል። የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የክላሲክ ስልት እንዳይጠፋ ብሎ ከ2016-17 የውድድር ዘመን ጀምሮ ገደብ አበጀ፦ በክላሲክ ውድድር ዱላ ከተወዳዳሪው ቁመት 83 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ ቁመቱም የሚለካው ከነጫማው ነው። ጥቂት ሴንቲሜትር ሕግ አስወጣች ማለት ነው።

ዱላው ላይ ያለው ቁጥር 48 ነው። ምንድን ነው?

ኢንች ነው። 48 ኢንች ወደ 122 ሳ.ሜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን 120 ከሚለው ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 46 ከ115 ጋር፣ 50 ከ125 ጋር ይሄዳል። ቁጥሩን እጀታው ላይ ወይም ከእጀታው ሥር ዘንጉ ላይ ፈልጉት።

የገዛሁት ዱላ ረዝሟል። ራሴ ልቆርጠው እችላለሁ?

አልሙኒየም ከሆነና የማይረዝም የማያጥር ከሆነ፣ አዎ። የሚቆረጠው ከላይ፣ ከእጀታው በኩል ነው። ዘንጉ ወደ ታች እየቀጠነ ስለሚሄድ ከታች አይነካም። እጀታውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አሙቃችሁ እያዞራችሁ አውጡት። ማሳጠር የፈለጋችሁትን ያህል ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፣ በቧንቧ መቁረጫ ወይም በብረት መጋዝ ቁረጡ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ፣ እጀታውን መልሱ። ሁለቱንም ከመቁረጣችሁ በፊት አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ምልክቱን ደግማችሁ እዩ። ብዙ ከቆረጣችሁ ዘንጉ ወደቀጠነበት ትደርሱና እጀታው ይላላል፤ 5 ሳ.ሜ ግን ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም።

ካርቦን ከሆነ የሚቆረጥበትን ቦታ በፕላስተር ጠቅልላችሁ ጥርሱ በደቀቀ መጋዝ ቀስ ብላችሁ ቁረጡ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የካርቦን ብናኝ ለሳንባ አይሆንም።

ካርቦን ወይም አልሙኒየም መሆኑ ልኩን ይለውጠዋል?

አይለውጠውም። ካርቦን ይቀላል፤ ሲጎዳ ግን ይሰነጠቃል ወይም ይሰበራል። አልሙኒየም ይጎብጣል፣ በጥንቃቄ ሊቃናም ይችላል። ኤድ ስኮት የተባለ የአሜሪካዋ የሰን ቫሊ ሰው እየቀጠነ የሚሄደውን የአልሙኒየም ዱላ በ1958 ካወጣ ወዲህ የቀርከሃና የብረት ዱላ ዘመን አበቃ። ለብዙ ሰው ዛሬም አልሙኒየም ይበቃዋል።

አንድ ዱላ ብቻ ይዞ መውረድስ?

ተሞክሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የአልፓይን ስኪ ፈር ቀዳጅ የሆነው ኦስትሪያዊው ማቲያስ ዝዳርስኪ ተማሪዎቹን ያስተማረው በአንድ ረጅም ዱላ ነበር። ሌላው ኦስትሪያዊ፣ የጦር መኮንኑ ጌኦርግ ቢልጌሪ፣ ሁለት ዱላ ይሻላል አለ። የማን ሐሳብ እንዳሸነፈ ተራራው ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

የእጅ ማሰሪያው ከርዝመቱ ጋር ይገናኛል?

ትንሽ። እጃችሁን ከሥር ወደ ላይ በማሰሪያው ውስጥ አስገቡና ማሰሪያውን ከእጀታው ጋር አብራችሁ ጨብጡ። ማሰሪያው ከላላ እጃችሁ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ልኩን የጠበቀው ዱላም ያጠረ ይመስላችኋል። ዛፍ መካከል ስትገቡ ወይም የበረዶ ናዳ በሚያሰጋበት ቦታ ማሰሪያውን አውልቁ። ስትወድቁም ዱላውን ጨብጣችሁ አትቅሩ፤ አውራ ጣትን ወደ ውጭ ፈንቅሎ ጅማቱን የሚጎዳው እሱ ነው።

ኪራይ ቤት ምን ልፈትሽ?

ሁለቱን ዱላዎች ገልብጣችሁ ጎን ለጎን አቁሟቸው። ባስኬቶቹ እኩል ናቸው? ሹሉ አለ? ዘንጉ አልጎበጠም? እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ኪራይ ቤት ቀለማቸው አንድ የሆነ ጥንድ ወሰድኩ። ግማሽ ቀን ወደ ቀኝ ስታጠፍ ሰላም ነኝ፣ ወደ ግራ ስታጠፍ እንገዳገዳለሁ። ግራ ጎኔ ደካማ ነው ብዬ ራሴን ሳሠለጥን ቆየሁ። ምሳ ላይ ግድግዳ አስደግፌ ሳስቀምጣቸው ነው ያየሁት፤ አንዱ 115፣ ሌላው 125 ነበር።